ከሚሠራ የነዳጅ ጉድጓድ 60 ሜትር ርቀት ላይ ቤት ልሥራ ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቦታው በርካሽ ቀርቦልሃል፤ ከሚሠራ የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ 60 ሜትር ቢርቅ ነው፤ ሻጩ ደግሞ «ሃያ ዓመት ሲሠራ ማንንም አልነካም» ብሎሃል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉህ። እኔ 11 ዓመት ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞርኩ ታንክ ስለካና ቱቦ ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። መልሴን ላስቀድምልህ፦ እኔ ብሆን አልሠራም።

ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ላይ ታች በሚለው ፓምፕ ላይ ነው። እኛ ሠራተኞቹ ግን ከእሱ ይልቅ የምንፈራው መሬት ውስጥ የተቀበረውን ቱቦና የታንኩን ክዳን ነበር።

ከቱቦው ልጀምር። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዘይት፣ ውሃና ጋዝ በተቀበረ ቱቦ ወደ ታንኮቹ ይሄዳል። ቱቦ ይዝጋል፣ ይቀየራል፤ አሮጌው ግን ብዙ ጊዜ ተቆፍሮ አይወጣም፣ እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን በካርታው ላይ ምንም መስመር የሌለበት ቦታ ስናስቆፍር ኤክስካቫተሩ ከአፈሩ ጋር የቱቦ ጫፍ ይዞ ወጣ። ዝገት በልቶታል፣ አፉም አልተደፈነም። ደረቴ ላይ የነበረውን ዲቴክተር (ጋዝ ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ) ጠጋ ሳደርገው መጮህ ጀመረ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። እዚያ ቦታ ላይ ሰው የቤት መሠረት እየቆፈረ ቢሆንስ ኖሮ?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፋየርስቶን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2017 አንድ ቤት ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ጉድጓዱ የተቆፈረው በ1993 ነው፤ ቤቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ልክ እንዳንተው 60 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተሠራ። ከጉድጓዱ ሳይነጠል የቀረ ቀጭን ቱቦ ቤቱ አጠገብ ተቆርጦ ነበር። ጋዙ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ምድር ቤቱ ገባ። የቤቱ ሰዎች በአፍንጫቸው ሊያውቁት አይችሉም ነበር፤ የማብሰያ ጋዝ የሚሸተው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው፣ ከጉድጓድ በቀጥታ የሚመጣው ሜቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ግን ሽታ የለውም። ከቤቱ አየር 5 በመቶ ሲሞላ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ብልጭታ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ነው። ሁሉም ጉድጓድ የለውም፤ ያንተኛው እንዳለው ወይም እንደሌለው ግን በላቦራቶሪ ወረቀት እንጂ በሻጭ ቃል አትመን። መጀመሪያ ላይ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ነፋስ በሌለበት አንድ ማለዳ የታንክ ክዳን ከፈትኩ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፣ ከዚያ ወዲያው ጠፋ። «ተነፈሰ፣ አለፈ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ባልደረባዬ ነው ከኋላ በጃኬቴ ጎትቶ ያወረደኝ፤ ዲቴክተሬ ሲጮህ እሱ ከታች ሰምቶታል። ጋዙ አላለፈም ነበር፤ የሞተው አፍንጫዬ ነው። መጠኑ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ከፍ ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ዝቅ ወዳለው ይወርዳል። የላክኸው ፎቶ ላይ ቦታህ ከታንኮቹ በታች ያለ ተዳፋት ነው፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ቻይና፣ ቾንግቺንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ አንድ የጋዝ ጉድጓድ በቁፋሮ ላይ እያለ አፈትልኮ 243 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ በሌሊት ቤታቸው የነበሩ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ያንተ ጉድጓድ እንደዚያ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ጋዙ የሰፈር ሰው ጋ እንዴት እንደሚደርስ እንድታይ ነው።

ከታንኩ የሚወጣው ትነት፣ ቤንዚን (benzene) የሚባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል (መኪና የሚሞላውን ነዳጅ ማለቴ አይደለም) ጨምሮ፣ ልጆችህ በየቀኑ የሚተነፍሱት ይሆናል። ጫጫታውን፣ የሌሊቱን መብራትና የቦቴውን ምልልስ አልዘረዝርም።

«ፈቃድ እኮ ተሰጥቶታል» ብለሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮሎራዶ በ2020 አዲስ ጉድጓድ ከቤት 610 ሜትር ገደማ እንዲርቅ ወስናለች፤ ካሊፎርኒያ በ2022 ባወጣችው ሕግ ወደ 975 ሜትር አድርሳዋለች። ሕጎቹ ግን የሚያስሩት ወደ ቤት የሚጠጋውን ጉድጓድ ነው። ወደ ጉድጓድ የሚጠጋውን ቤት የሚመለከተው ደንብ ብዙ ጊዜ የተለየ ነው፣ ርቀቱም በጣም ያነሰ ይሆናል። አደጋው ግን ማን ወደ ማን እንደቀረበ አይጠይቅም።

የሃያ ዓመቱ ነገርም ለእኔ ማረጋገጫ አይደለም። ሃያ ዓመት ማለት ሃያ ዓመት የዛገ ቱቦ ማለት ነው። ጉድጓዱ ሲያረጅ ለጥገና ሪግ (ማማ ያለው የጉድጓድ ማሽን) ይመጣል፤ ማማው 30 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ጥገናው ደግሞ ጉድጓዱ የሚከፈትበት ጊዜ ነው።

አሁንም ልብህ ቦታው ላይ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የጉድጓዱን ባለቤት በጽሑፍ ጠይቅ፦ የሚሠሩትም የተተዉትም ቱቦዎች የት የት እንደተቀበሩ፣ አሮጌዎቹ ተነጥለው ጫፋቸው መደፈኑን፣ የመጨረሻው የግፊት ፍተሻ መቼ እንደተደረገ። አልሰጥም ካለህ ይህ ራሱ መልስ ነው። ርቀቱንም ከፓምፑ ሳይሆን ከታንኩና ከቅርቡ ቱቦ ለካ። ምድር ቤት በፍጹም አትሥራ። የሜቴን ዲቴክተር ጣሪያው አጠገብ ይሰቀላል፣ የሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ወለሉ አጠገብ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የቱቦ ካርታውን ካገኘህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።