የሙያ ምክር፦ ማስተርሴን ቁስ በማስረጀት ላይ ልሥራ?

ጥያቄ፦ «በቁሳቁስ ምህንድስና ተመርቄ ማስተርስ ጀምሬአለሁ። የማጠናው ከፋብሪካ ጭስ ጋር የሚባክነውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ቴርሞኤሌክትሪክ ቁሶችን ነው። አማካሪዬ ሁለት ምርጫ ሰጡኝ። አንደኛው ቲን ሴሌናይድ የሚባለውን ቁስ ሠርቼ ውጤቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ያለውን ሞጁል፣ ማለትም ከቁሶቹ ተገጣጥሞ የተሠራውን ዕቃ፣ ሙቀት ውስጥ አቆይቼ እንዴት እንደሚያረጅ መመርመር። ጓደኞቼ ሁለተኛውን ‹የዘበኛ ሥራ ነው› ይሉታል። እኔም አገር ቤት ሥራ አላገኝበትም ብዬ ፈርቻለሁ። የትኛው ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ሁለተኛውን ያዢ። ስለ ሥራው ያለሽ ስጋት ተገቢ ነው፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ምርጫ ለምን እንደሚማርክ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቲን ሴሌናይድ ነጠላ ክሪስታል 2.6 የሚደርስ ዜድቲ (ቁሱ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ በመቀየር ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር) መለካታቸውን አሳተሙ። ለብዙ ዓመታት 1 አካባቢ ተቀምጦ ለኖረ ቁጥር ይህ ትልቅ ዝላይ ነበር። ልኬቱ የተገኘው ግን 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ያ ክሪስታል እዚያው ሙቀት ላይ አምስት ሺህ ሰዓት ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን 2.6 የሚለው ቁጥር አይነግርሽም። ገንዘቡን የሚያወጣው ፋብሪካ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዓቱን ነው።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት እኔም ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከኮባልትና ከአንቲሞኒ የተሠራ ናሙና፣ ስኩተሩዳይት የሚባለውን፣ አየር በወጣለት የኳርትዝ ቱቦ አሽገን 600 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት ተውነው። ስናወጣው ናሙናው ደህና ይመስላል። የቱቦው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ ግን የምድጃ ጥላሸት የመሰለ፣ ወደ መብራት ሲያዞሩት ብርማ የሚሆን ስስ ሽፋን ተለጥፏል። አንቲሞኒው ነው። ሳይቀልጥ በቀጥታ ተንኖ ወጥቶ፣ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲያገኝ ተመልሶ ጠጥሯል። ናሙናውን ስንመዝነው ቀሎ ተገኘ። ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ስናየው ዳር ዳሩ አንቲሞኒ የጎደለው ሌላ ውህድ ሆኗል። ከዚያ ቀን በኋላ የማንንም ቁስ ውጤት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ደግሞ ቁሱ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ሞጁል የቢስመዝ ቴሉራይድ ነው፤ ቁሱ ራሱ እስከ 250 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ለማቀዝቀዣ ተብለው የሚሸጡት ርካሾቹ ግን ብዙዎቹ የተያያዙት በ138 ዲግሪ በሚቀልጥ የቆርቆሮና የቢስመዝ ሶልደር ነው። ስለዚህ ሞጁል ከመግዛትሽ በፊት በምን ሶልደር እንደተሠራ ጠይቂ። ሶልደሩ ቢችል እንኳ የቁሱን ትናንሽ እግሮች የሚያገናኘው መዳብ ቀስ በቀስ ወደ ቁሱ ይሰርጋል፤ በመካከላቸው ስስ የኒኬል ንብርብር የሚደረገው ይህን ለማገድ ነው። ሙቀቱ ከፍ ሲል፣ ጊዜውም ሲረዝም፣ ኒኬሉም ከቁሱ ጋር መዋሃድ ይጀምራል።

ከዚያ መሞቅና መቀዝቀዙ አለ። የሸክላ ምጣድ አንዱ ጎኑ ብቻ ሲግል፣ ወይም ጋለ ሲባል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ለምን እንደሚሰነጠቅ ከእናትሽ ቤት ታውቂያለሽ። የሞጁሉም ችግር ይኸው ነው። ትኩሱ ፊት ይለጠጣል፣ ቀዝቃዛው ፊት ባለበት ይቀራል፤ በመካከል ያሉት ትናንሽ እግሮች የሁለቱን ጉተታ ይሸከማሉ። ፋብሪካው በቆመና በተነሣ ቁጥር ይህ ይደገማል። አንድ እግር ከተበጠሰ፣ እግሮቹ በተከታታይ የተገናኙ ስለሆኑ፣ ሞጁሉ በሙሉ ይጠፋል።

ጓደኞችሽ የዘበኛ ሥራ ላሉት ነገር የማውቀው ትልቁ ምሳሌ ቮዬጀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተወነጨፉት ሁለቱ መንኮራኩሮች ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት ከፕሉቶኒየም ሙቀት በሲሊኮን ጀርማኒየም ቴርሞኤሌክትሪክ ነው፤ ትኩሱ ጫፍ ሲነሱ ወደ 1000 ዲግሪ ነበር። ቁሱ እንዳይተን በሲሊኮን ናይትራይድ ለብሷል። እያንዳንዳቸው ሲነሱ ወደ 470 ዋት ነበራቸው። በ2011 ወደ 268 ዋት ወርዶ ነበር፤ ከመነሻው 57 በመቶ ማለት ነው። የፕሉቶኒየሙ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ፣ 87.7 ዓመት ስለሆነ፣ በእሱ መዳከም ብቻ ቢሆን 76 በመቶ ገደማ ይቀር ነበር። የቀረው ልዩነት የመጣው ሙቀቱ ሲወርድ የመቀየር ብቃቱም አብሮ በመውረዱና ቁሱ በማርጀቱ ነው። መንኮራኩሮቹ በየዓመቱ ወደ 4 ዋት እያጡ እንኳ ሲሠሩ የኖሩት፣ እርጅናውን አስቀድመው በሰዓት የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የዜድቲ ቁጥር የሚበልጥ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ስጋትሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ አገር ቤት «የቴርሞኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሲሚንቶ እቶን ውስጡ 1450 ዲግሪ ይደርሳል፣ የውጭ ቆዳው 300 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ያህል ሙቀት በብዛት ለመሰብሰብ ግን የእንፋሎት ተርባይን ይቀድማል። ጥሩ የሚባል የቢስመዝ ቴሉራይድ ሞጁል ከሚያልፍበት ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ከ5 እስከ 7 በመቶ ብቻ ነው። አንቺ የምትማሪው ነገር ግን ከርዕሱ ይሰፋል። ብረትና ሴራሚክ በሙቀት ውስጥ እንዴት እንደሚተን፣ ኦክስጅን እንዴት እንደሚበላው፣ ሽፋን ለምን እንደሚላቀቅ፣ ስንጥቅ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቅ ሰው በሙገርም በደርባም ሲሚንቶ ፋብሪካ የእቶን ጡብ ሲረግፍ ይፈለጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሞተር ጥገና ክፍል ውስጥ ያለው የተርባይን ምላጭና ሽፋኑ የሚያረጁትም በእነዚሁ መንገዶች ነው። በቲን ሴሌናይድ ክሪስታል ማሳደግ ብቻ የተካነ ሰው ወደዚያ ለመሻገር ብዙ ይደክማል።

ውጭ መማር ካሰብሽም ጀርመን ውስጥ ፍራይቡርግ ያለው የፍራውንሆፈር አይፒኤምና ኮሎኝ ያለው ዲኤልአር (የጀርመን የጠፈር ምርምር ማዕከል) በቴርሞኤሌክትሪክ የሠሩ ተቋማት ናቸው፤ ዳአድ የሚባለውን የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት የነፃ ትምህርት ዕድልንም ተከታተዪ። ስትጽፊላቸው «ይህን ያህል ሰዓት፣ በዚህ ሙቀት፣ ይህን ያህል ጊዜ አሙቄ አቀዝቅዤ፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው መቋቋም) በዚህ መጠን ጨመረ» የሚል አንድ ግራፍ አያይዢ። ያንን ግራፍ የሚያመጡ አመልካቾች ጥቂት ናቸው።

ሥራውን ስትጀምሪ ሞጁሉን ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ሙቀቶች ላይ እንዲያረጅ አድርጊ፤ እርጅናው በሙቀት ስንት እንደሚፈጥን የምታሰዪው ከዚያ ነው። ሬዚስታንሱን ሞጁሉ ፈርነስ (የቤተ ሙከራው ምድጃ) ውስጥ እያለ ለኪው፣ አውጥተሽ ብቻ አይደለም። መብራት ይጠፋብሻል፤ ስትናደጂ ዳታውን አትጣይው። ፈርነሱ ቀዝቅዞ እንደገና ሲሞቅ ሞጁሉ አንድ ዙር ቆጥሯል፣ ፋብሪካ ውስጥም የሚገጥመው ይኸው ነው። ስለዚህ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት መዝግቢ፤ የመመዝገቢያ መሣሪያው ግን ዩፒኤስ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ የሚያስፈልግሽን ቅጽበት ታጪዋለሽ።

ለአማካሪሽ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደሽ ሚዛኑን እዪው። የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ የሚያነብ ካልሆነ የሚተነውን ክብደት አታዪውም፤ የት ክፍል እንዳለ ፈልጊና የምትጠቀሚበትን ቀን ከአሁኑ ተነጋገሪ።