መልስ፦ ኦቬችኪን ወይስ ማክዴቪድ?

«የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ኦቬችኪን የጎል ሪከርዱን ስለሰበረ ከማክዴቪድ ይበልጣል ወይ?» ላልከው፣ አይበልጥም። አሁን ካሉት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ለእኔ አንደኛው ማክዴቪድ ነው።

ኦቬችኪን እ.ኤ.አ. በ2025 በሰሜን አሜሪካው ሊግ (NHL) የቀድሞውን ኮከብ የግሬትዝኪን 894 ጎል ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በሆኪ ኳሷን (ኳስ እንኳ አይደለችም፣ ጠፍጣፋ ጎማ ናት) አመቻችቶ የሚያቀብለውም እንደ አግቢው አንድ ነጥብ ያገኛል። ማክዴቪድ በ2022–23 መደበኛ ውድድር 64 ጎልና 89 አሲስት (ለጎል የበቃ ቅብብል)፣ በድምሩ 153 ነጥብ ሰብስቧል።

በዚህ ጉዳይ ከሰው ጋር የምትወራረድ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ «የአሁን» ነው ወይስ «የምንጊዜም» የሚለውን ተስማሙ። እኔ ደሴ ፒያሳ ይህን ሳልለይ ማክዴቪድ ብዬ ድርቅ አልኩ። ጓደኛዬ ግሬትዝኪን አመጣብኝ። የሰውዬው 1,963 አሲስት ብቻውን ከማንኛውም ሌላ ተጫዋች ጠቅላላ ነጥብ ይበልጣል። የአራት ሰው ማኪያቶ ከፈልኩ።