«ጨረሩ ይጎዳሻል» ለተባለችው የራዲዮግራፊ ተማሪ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የራዲዮግራፊ ትምህርቴን አጋምሻለሁ። በልምምድ ላይ የአዋዋጥ ምርመራ (ታካሚው ሲውጥ በራጅ ቪዲዮ የሚታይበት) ሲሠራ ጨረሩን እፈራለሁ። እናቴ «መካን ትሆኛለሽ» እያለች ታለቅሳለች። አብሮኝ የሚሠራው ባለሙያ ጨረር ለመቀነስ ማሽኑን በሰከንድ 7.5 ፐልስ (የጨረር ብልጭታ) ላይ ሲያደርገው ደስ ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ትምህርቱን አቁመሽ ለአዲስ አበባው ቤት አዋጪ ይለኛል። ወደ ንግግር ሕክምና ወይስ ወደ ነርሲንግ ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላውን ሐሳብሽን ሁሉ እያናወጠ ያለው የጨረሩ ፍርሃት ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

አንድ አዋቂ ታካሚ በዚህ ምርመራ የሚያገኘው በአማካይ 0.3 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት 3 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል። አንቺ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ከታካሚው ሰውነት ላይ ተበትኖ የሚመጣው ብቻ ነው። ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብትርቂ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚያ ላይ 0.5 ሚሊሜትር ሊድ (እርሳስ) ያለው ኤፕሮን (ሽርጥ) ከ90 በመቶ በላይ ያስቀርልሻል። ኤፕሮንሽ ጀርባው ክፍት ከሆነ ጀርባሽን አትስጪ። የምትቆሚበት ቦታም ለውጥ አለው፦ ብዙው የሚበተነው ጨረሩ ወደ ሰውነት በገባበት በኩል ስለሆነ፣ ጨረሩ በሚወጣበት ቱቦ ሳይሆን ምስሉን በሚቀበለው ዲቴክተር በኩል ቁሚ።

እናትሽ የሚሉት መካንነት የሚመጣው የእንቁላል ማምረቻው በሺዎች የሚቆጠር ሚሊግሬይ (ይህም የጨረር መለኪያ ነው) ሲመታ ነው፤ ይህ የካንሰር ሕክምና መጠን እንጂ የዚህ ክፍል አይደለም። ስታረግዢ በጽሑፍ ካሳወቅሽ በሕጉ መሠረት ለፅንሱ በእርግዝናው ዘመን ሁሉ 5 ሚሊሲቨርት ጣሪያ ይደረጋል፤ ከኤፕሮኑ ስር ወገብሽ ላይ የምታደርጊው ሁለተኛ ባጅም (የደረሰብሽን ጨረር የሚመዘግብ መለኪያ) ይሰጥሻል።

በ7.5 ፐልሱ ግን ፈጽሞ አልስማማም። ጉርሻው ጉሮሮ ውስጥ የሚያልፈው በ1 ሰከንድ ገደማ ነው። በ30 ፐልስ በየ33 ሚሊሰከንድ አንድ ምስል ታገኛለሽ፤ በ7.5 ግን በየ133 ሚሊሰከንድ ነው። ጠብታዋ ወደ አየር ቧንቧ ገብታ የምትወጣው በዚያ ክፍተት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ብዙ የስትሮክ ታማሚ ትን ሲለው አያስለውም፤ ስለዚህ ምስሉ ካላሳየ ማንም አያውቅም። ያ ሰው በ«ደህና ነው» ውጤት ወደ ቤቱ ሄዶ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል፣ ወይም ምርመራው እንደገና ይሠራለታል። ያኔ የመጀመሪያው ጨረር በሙሉ በከንቱ የተሰጠ ነው። መቅረጫውንም አትርሺ፦ ማሽኑ በ30 እየሠራ መቅረጫው 15 ብቻ ከያዘ ግማሹ ጨረር ለማንም አልጠቀመም።

ጨረር የሚቆጠበው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጉርሻው ከንፈር ጋ ሲደርስ ፔዳሉን ርገጪ፣ ውጦ ሲጨርስ ልቀቂ። ማንኪያው እየተቀላቀለ፣ ታካሚው እየተስተካከለ ጨረር መልቀቅ የተለመደ ብክነት ነው፤ ለማስተካከል በስክሪኑ ላይ የቀረው የመጨረሻ ምስል ይበቃል። ኮሊሜተሩን (የጨረሩን ስፋት የሚወስነውን መዝጊያ) ከፊት ከንፈር፣ ከላይ የአፍንጫ ክፍተት፣ ከኋላ የአንገት አጥንት፣ ከታች የምግብ ቧንቧው መጀመሪያ ድረስ ዝጊው። ከአንገት ኋላ ሰፊ ባዶ አየር ከተውሽ ምስሉ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል። ትከሻ ከገባ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ጨረሩን ይጨምራል፤ «ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ» ማለት ብቻ ይፈታዋል። እጅሽን ጨረሩ ውስጥ አታስገቢ፣ የሊድ ጓንት ለብሰሽም ቢሆን፤ ማሽኑ ጓንቱን አልፎ ለማየት ጨረሩን ከፍ ያደርጋል።

አሁን ወደ ንግግር ሕክምና ልቀይር ላልሽው፦ በዚህ ክፍል ውስጥ ታካሚውን የምታጎርሰው የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ናት፤ ስለዚህ ከአንቺ ይልቅ ለታካሚው ትቀርባለች። ከጨረር ለመሸሽ ወደ እሱ መቅረብ ነው። በዚያ ላይ ማስተርስና ቢያንስ የ36 ሳምንት ክትትል ያለበት ሥራ ይጠይቃል። ነርሲንግ ጥሩ ሙያ ነው፣ ግን ከፈለግሽው ብቻ።

የወንድምሽን ነገር በግልጽ ልንገርሽ፦ ይህ ጥያቄ ተገቢ አይደለም። ግማሽ የተማርሽው ትምህርት ላይሰንስ አይሰጥም፤ የምታዋጪው ቤትም በማን ስም እንደሆነ ጠይቂ። እስክትመረቂ የምትልኪው ትንሽና ቋሚ ይሁን፣ መጠኑንም አንቺ ወስኚ።

ከልምምድ ቦታሽ የጨረር ደህንነት ኃላፊ የባጅሽን ንባብ ጠይቂ፣ ቁጥሩን ለእናትሽ አሳዪያቸው። የኤ.አር.አር.ቲ. (የአሜሪካ የራዲዮግራፊ ባለሙያዎች መዝጋቢ ድርጅት) ፈተናውን ካለፍሽ በኋላ የስትሮክ ክፍል ባለው ሆስፒታል አመልክቺ፤ የአዋዋጥ ምርመራ በብዛት የሚሠራው እዚያ ነው።