ዕልባቱ ተጓዘ፣ አንባቢው ግን ቆሟል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ፤ አሁን በሦስተኛው ዙር ላይ ነኝ። በቀን ሦስት አራት ምዕራፍ ሳላነብ አልውልም። ሰሞኑን ግን ባለቤቴ «ይህን ሁሉ አንብበህ ቁጣህ ያው ነው» አለችኝ። ጮኽኩባት። እየጮኽኩ ሳለ ልክ መሆኗ ገባኝ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ንባብ አልጎደለዎትም። የጎደለው ከንባቡ በኋላ መምጣት የነበረበት ነገር ነው።

በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ 1,189 ምዕራፎች ስላሉ በዓመት ለመጨረስ በቀን ከሦስት በላይ ማንበብ ግድ ይላል። ይህ ዕቅድ የመጽሐፉን ጠቅላላ መልክ ለማወቅ እጅግ ይጠቅማል፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ግቡ መጨረስ ስለሆነ፣ የሚነካ ቃል ሲመጣ ዓይን ቆሞ ከመነካት ይልቅ ወደሚቀጥለው መስመር ይሸሻል። አራት ምዕራፍ ማንበብ ከአንድ ጥቅስ ማምለጫ ሊሆን ይችላል ብንል አላጋነንም። ያዕቆብ 1፥23-24 ላይ መስተዋት አይቶ መልኩን ወዲያው ስለረሳው ሰው ተጽፏል። ሰውየው መስተዋቱን በሚገባ አይቷል። ጥፋቱ አይቶ መሄዱ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ወር ዕቅዱን ያቁሙት። ወደ ኋላ ቀረሁ ብለው አይጨነቁ፤ ምዕራፎቹ የትም አይሄዱም። በምትኩ ኤፌሶን 4፥25-32ን ይያዙና ሰባት ቀን እዚያው ይቆዩ። ስምንት ቁጥር ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ሦስት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። መዝሙር 1፥2 ላይ «ያስባል» የተባለው የዕብራይስጥ ግሥ ከንፈርን እያንቀሳቀሱ ማነብነብንም ይጨምራል፤ ኢሳይያስ 31፥4 ላይ ያደነውን ይዞ ለሚያጉረመርም አንበሳ የገባው ይኸው ቃል ነው። በዓይን ብቻ የተነበበ ቃል ቶሎ ይተናል።

በሁለተኛው ቀን ጳውሎስ የሚሠራበትን መንገድ ይከታተሉ። «ተዉ» ብቻ ብሎ አያቆምም። ውሸትን ካስጣለ በኋላ እውነትን ያስይዛል፤ ምክንያቱንም «እርስ በርሳችን ብልቶች ነንና» ብሎ ያስቀምጣል። የሚሰርቀውን ስርቆቱን ከማስተው አልፎ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው በገዛ እጁ እንዲሠራ ያዛል። ክፉ ቃል ወጥቶ በቦታው የሚያንጽ ቃል ይገባል። ምትክ ያልተዘጋጀለት መተው በሁለት ሦስት ቀን ይፈርሳል። «ከእንግዲህ አልቆጣም» የሚለው ውሳኔ የሚከሽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሦስተኛው ቀን ቁጥር 31ን ይዘው ይቀመጡ። መራርነት፣ ንዴት፣ ቁጣ፣ ጩኸት፣ መሳደብና ክፋት በየስማቸው ተዘርዝረዋል፤ ስድስት ናቸው። የእርስዎ የትኛው ነው? «ቁጡ ነኝ» ማለት ሰፊ ስለሆነ ምንም አያስይዝም። ከጻፉልን ስንገምት የእርስዎ ጩኸት ይመስለናል፤ በስተጀርባው ግን መራርነት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ያን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ ተግባር ይጻፉ። «ታጋሽ እሆናለሁ» ምኞት ነው። ተግባር ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ማታ ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን አስቀምጬ እቀመጣለሁ፤ የሚያናድድ ነገር ቢገጥመኝ ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ፣ የባለቤቴን ንግግር ካስጨረስኩ በኋላ እመልሳለሁ።» ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን የሚሉት ሁሉ አሉበት። ጥሩ ተግባር በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሆን፣ መደረጉንና አለመደረጉን ሌላ ሰው ሊያይ የሚችለው፣ ደክሞዎትም እንኳ የሚቻል መሆን አለበት። ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በመጨረሻው ነው፤ ማለዳ በተረጋጋ መንፈስ የተወሰነው ማታ በዛለ ጉልበት አይፈጸምም። ከከበደዎት ይክፈሉት። መልስ መስጠቱን ለጊዜው ይተዉትና መቀመጡን ብቻ ይያዙ።

በማግስቱ መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት ትናንት የጻፉትን ያንብቡ። «አድርጌዋለሁ» ወይም «አላደረግሁትም፤ ምክንያቱም…» ብለው አንድ መስመር ይጻፉ። ካላደረጉት አዲስ ነገር አይጨምሩ፤ ያንኑ ይድገሙ። ይህች አንድ መስመር ትንሽ ትመስላለች እንጂ የሥራው ሁሉ ማጠፊያ እሷ ናት። እሷ ከቀረች ማስታወሻ ደብተሩ የመልካም ሐሳቦች መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ሰባቱን ቀን አይጠብቅም። ማቴዎስ 5፥23-24 መባ ይዞ መሠዊያ ፊት የደረሰ ሰው እንኳ ወንድሙ እንዳዘነበት ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዛል። ባለቤትዎን ዛሬ «ልክ ነሽ፤ ስለጮኽኩብሽ ይቅር በዪኝ» ይበሏቸው፤ «ግን አንቺም…» የሚል ጭራ አይቀጥሉበት። ከዚያም በሳምንት አንድ ጊዜ «በዚህ ሳምንት ጩኸቴ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። የሰሙትን ይጻፉ፤ አይከራከሩ። ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር አያገኙም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ጸልዬ መጽሐፉን እንዲሁ እከፍተውና ዓይኔ ያረፈበትን ጥቅስ ለዕለቱ እወስዳለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ስለ እኔ የተጻፈ ይመስለኛል። ጓደኛዬ ግን «ይህ ዕጣ መጣል ነው» ትለኛለች።

መልስ፦ ጓደኛሽ እውነት አላት። የሚገጥመው ይታወሳል፤ የማይገጥመው ይረሳል። አንደኛ ዜና መዋዕል ላይ ተከፍቶ የትውልድ ዝርዝር ሲመጣ መጽሐፉን ዘግተሽ እንደገና የከፈትሽበት ቀን የለም?

መጽሐፉን ስታውቂ ይህ ልማድ በራሱ ይለቅሻል። የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ዛሬ በምናውቀው መልኩ የታተመው በ1551 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ጳውሎስ የጻፈው ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤን ከመሐል አንድ መስመር ቀድዶ የሚያነብ የለም። ኤርምያስ 29፥11ን ውሰጂ። ስለ ሰላምና ስለ ተስፋ የሚናገር ነውና ሁሉም ይወደዋል። ነገር ግን በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች የተላከ ደብዳቤ ነው፤ ቁጥር 10 መመለሳቸው ከ70 ዓመት በኋላ እንደሆነ ይናገራል። ደብዳቤውን በእጁ የተቀበለ ጎልማሳ መመለሱን የማያይ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ የተሰጠው ትእዛዝ ከቁጥር 5 እስከ 7 ነው፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ። እንግዲህ ክፍሉን ሙሉውን ያነበበ ሰው «ነገሬ ቶሎ ይቃናል» ብሎ አይነሣም፤ ባልመረጥኩት ቦታ ለጎረቤቶቼ ምን በጎ ልሥራ ይላል። ሕይወት የሚለውጠው ይህኛው ነው።

ከማንኛውም ጥቅስ በፊትና በኋላ ቢያንስ አሥር አሥር ቁጥር አንብቢ። የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው? ትእዛዝ ነው፣ ተስፋ ነው፣ ወይስ የሆነውን መተረክ ብቻ? በተለይ የመጨረሻውን አትዝለዪ። ጌዴዎን ምልክት ለመጠየቅ የበግ ጠጕር ባውድማው ላይ እንደዘረጋ መሳፍንት 6፥36-40 ይተርካል እንጂ እንዲህ አድርጉ ብሎ አያዝም። ደግሞም እግዚአብሔር ምን እንደሚሻ ለጌዴዎን አስቀድሞ በቁጥር 14 ነግሮታል። ምልክት ፍለጋ አንዳንዴ የተነገረንን ላለማድረግ ጊዜ መግዣ ነው።

ጥያቄ፦ ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ከመሥዋዕትና ከለምጽ ሕግ ምን ተግባር ይወጣል?

መልስ፦ ከእያንዳንዱ ገጽ የዕለት ተግባር እንዲወጣ አይጠበቅም። አንዳንዱ ክፍል ለማወቅ ነው፤ የመሥዋዕቱን ሥርዓት ያላነበበ ሰው የዕብራውያን መልእክት አይገባውም። ይህ ብቻውን ይበቃል።

ነገር ግን ምዕራፍ 19ን ሳያዩ መጽሐፉን አይለፉት። የእርሻ ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ይቀራል (9-10)፤ የሠራተኛ ዋጋ አሠሪው ዘንድ አያድርም (13)፤ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አይቀመጥም (14)፤ በፍርድ ለድሃ ማድላትም ለባለጠጋ ማክበርም ተከልክሏል (15)፤ ሐሜት ይዞ መዞር አይገባም (16)፤ ሚዛንና መስፈሪያ እውነተኛ ይሁን (35-36)። ጌታ ኢየሱስ የጠቀሰው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ቃል የሚገኘው በእነዚህ መካከል፣ ቁጥር 18 ላይ ነው። ፍቅር ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ በዝርዝር የሚነግር ክፍል ማግኘት ይከብዳል።

የአነባበቡ ዘዴ ቀላል ነው፦ ይህ ሕግ የሚጠብቀው ማንን ነው? ከምን ጉዳት? በእኔ እጅ ያለ፣ ተመሳሳይ ጉዳት ሊደርስበት የሚችል ሰው ማን ነው? ቁጥር 13ን ያነበበ ሰው ሊከፍል እየቻለ ያዘገየው የሠራተኛ ሒሳብ ካለ፣ ሳይመሽ ይክፈል።

ጥያቄ፦ ባነበብኩ ቁጥር ጥፋቴ ብቻ ነው የሚታየኝ። አሁን አሁን መጽሐፉን መክፈት ራሱ እየከበደኝ ነው።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦብሽ እንዳይሆን። ዘጸአት 20 ላይ ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት ቁጥር 2 አለ፦ ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ትእዛዙ የመጣው ነጻ ለወጡ ሰዎች ነው፤ ታዘዙና ላውጣችሁ አልተባሉም። የኤፌሶን መልእክትም ሦስት ምዕራፍ ሙሉ እግዚአብሔር ያደረገውን ከተናገረ በኋላ ነው ወደ አኗኗር የሚገባው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ኤፌሶን ከ1 እስከ 3ን ብቻ አንብቢ፤ የምትጽፊውም እግዚአብሔር ያደረገውን የሚገልጹ ግሦችን ይሁን። ስለ ራስሽ ምንም አትጻፊ።

እውነተኛ ወቀሳ ስም አለው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም ያሳያል። የቀራጮች አለቃው ዘኬዎስ (ሉቃስ 19፥8) የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች፣ ያታለለውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ቁጥር ያለው ንስሐ ነው። ስም የሌለው፣ መውጫ የማያሳይ፣ «አትረቢም» ብቻ የሚል ክብደት ግን ከዚያ የተለየ ነገር ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እስከ መንሣት ከደረሰ ለብቻሽ አትሸከሚው፤ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለመጋቢሽ ንገሪ፣ ሐኪምም አማክሪ። ሁለቱ አይጋጩም።

ጥያቄ፦ ሰባት ሆነን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል አብረን እናነባለን። ውይይቱ ይሞቃል፣ ክርክሩም ይደምቃል፤ ማናችንም ግን የተለወጠ ነገር አላየንም።

መልስ፦ ሰዓቱን እንዲህ ከፋፍሉት። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ያለፈው ሳምንት ተግባር መፈጸሙና አለመፈጸሙ የሚነገርበት ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ። ይህን መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ክርክሩ ሰዓቱን ይበላዋል፤ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ለድርድር አይቅረብ። ቀጥሎ ክፍሉ በሁለት የተለያዩ ድምፆች ሁለት ጊዜ ይነበብ፣ 10 ደቂቃ። ስለ ትርጉሙ 30 ደቂቃ ተወያዩ። በዚያ ጊዜ ያልተፈታውን ጥያቄ በወረቀት ጽፋችሁ ለሚያውቅ መምህር አድርሱት፤ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ጃንደረባም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሏል (ሐዋርያት ሥራ 8፥31)። ከዚያ 5 ደቂቃ ጸጥታ፣ ሁሉም የሚቀጥለውን ሳምንት ተግባሩን ይጽፋል። 20 ደቂቃ እያንዳንዱ የጻፈውን ያነብባል። የቀረው 10 ደቂቃ ለጸሎት።

በማንበቡ ጊዜ አንድ ሕግ ይኑራችሁ፦ ዓረፍተ ነገሩ «እኔ» ብሎ ይጀምር። «እኛ ክርስቲያኖች»፣ «የዘመኑ ሰው»፣ «አንዳንድ ወገኖች» ሁሉ መደበቂያ ናቸው። ዳዊት ባለጠጋ ስለ ነጠቀው የድሃ ሰው በግ ሲሰማ በሌላ ሰው ላይ እጅግ ተቆጣ፤ ነቢዩ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪለው ድረስ ነገሩ ስለ ራሱ መሆኑ አልገባውም (2ኛ ሳሙኤል 12)።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ አንድ ተናጋሪ መምህር ይሆንና ሌላው አድማጭ ሆኖ ይቀራል፤ አወያይነቱን በየሳምንቱ አቀያይሩት። ሁለተኛው፣ የጸሎት ርእስ እየተባለ የሌላ ሰው ገመና ይወጣል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የሌለ ሰው ጉዳይ አይነሣ። ከስምንት በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ።

ጥያቄ፦ በስልክ ማንበብ ወይም በድምፅ ማዳመጥ ዋጋውን ይቀንሰዋል?

መልስ፦ ማዳመጥ አይቀንሰውም። ራእይ 1፥3 የሚያነበውንም የሚሰሙትንም ብፁዓን ይላል፤ የቀደሙት ጉባኤዎች መልእክቶቹን የተቀበሉት ሲነበቡ በመስማት ነው። የማርቆስ ወንጌል 16ቱም ምዕራፍ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተሰምቶ ያልቃል፤ መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ጥሩ ነው። የስልኩ ችግር መልእክት እየገባ ሐሳብን መቁረጡ ነው፤ ከማንበብዎ በፊት ኢንተርኔቱን ይዝጉት። ተግባሩን ግን በወረቀት፣ በእጅ ይጻፉትና ማታ ዓይንዎ በሚያርፍበት ቦታ ያስቀምጡት።