የቀረውን ወንድም ፈልጉት

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አዲስ የጽዋ ማኅበር ልታቋቁሙ መሆኑን ሰማሁ። የሰፈር ልጆች፣ አብሮ አደጎች፣ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አላችሁበት። ደንቡን አይቼ አስተያየት እንድሰጥ አንዳችሁ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። አነበብኩት። ጥሩ ደንብ ነው። ወርኃዊው መዋጮ ተጽፏል። ሙሴው (የማኅበሩ መሪ)፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ እንዴት እንደሚመረጡ ተጽፏል። የቲሸርቱ ቀለም ሳይቀር ተወስኗል። ያረፈደ ይህን ያህል፣ የቀረ ይህን ያህል ብር ይቀጣል ይላል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚህ የቅጣት አንቀጽ ምክንያት ነው።

ያረፈደውን ቅጡት፤ አልቃወምም። ሰዓት አለማክበር የሁላችንም አመል ነው፤ ኪሳችን ትንሽ ቢነካ አንጎዳም። የቀረውን ግን ከመቅጣታችሁ በፊት ፈልጉት። ወንድ ልጅ ከማኅበር የሚቀረው ሁልጊዜ ሰንፎ አይደለም። መዋጮ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ታሞ ይሆናል። ከሚስቱ ተጣልቶ ይሆናል። ሹፌር ከሆነ መንገድ ተዘግቶ መኪናው ከቆመ ሰንብቶ ይሆናል። መጠጥ ጀምሮ አፉ እንዳይሸትባችሁ ፈርቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ ጽዋ የሚያወጣበት ተራ ደርሶ፣ የዳቦና የጠላ ገንዘብ ስለሌለው አፍሮ ነው። በዚህ ላይ ቅጣት ስትጨምሩበት ጭራሽ ስልኩን ያጠፋል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ጤና መኮንን ነኝ። ስለ መንፈሳዊው ነገር ከእኔ አብልጠው የሚነግሯችሁ አባቶች በየደብሩ አሉ። እኔ በሥራዬ ያወቅኩት ዘግይቶ የሚመጣን ወንድ ነው። ሴቶች ለእርግዝና ክትትልም፣ ልጅ ለማስከተብም ጤና ጣቢያ ስለሚመላለሱ ችግራቸው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ወንዱ እያሳለው ወራት ይቆያል። «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። በመጨረሻ አጥንቱ ወጥቶ ይመጣል። ማን ይዞህ መጣ ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ «ብቻዬን ነኝ» ነው። ይህ ሰው እኮ እድር አለው። ሰንበቴ አለው። ማኅበርም አለው። ቢሞት ድንኳን ይተከልለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል፣ ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈቶ ይቀብረዋል። ለቅሶ ላይ ጎንደሬን የሚቀድም የለም። ሲያስለው ግን «እስኪ ተነሥ፣ አብረን እንሂድ» የሚለው አላገኘም።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ዛሬ ማታ አንብቡት። አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው ቅፍርናሆም ወዳለው ቤት ይመጣሉ። ሰው ሞልቶ መግቢያ ያጣሉ። ጣሪያውን ያፈርሱና በሽተኛውን ከነአልጋው ያወርዱታል። (ጣሪያውን ማን እንደጠገነው አልተጻፈም። እኔ ግን ሁልጊዜ እሱን አስባለሁ።) የአራቱም ስም አልተነገረም። ጌታ ሽባውን ከመፈወሱ በፊት ያየው ግን የእነሱን እምነት ነው ይላል። «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው። ስለ ወንዶች ማኅበር ከዚህ የተሻለ ደንብ የትም አላነበብኩም።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ደምቢያም ሆነ ወገራ፣ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ በሽተኛ በቃሬዛ ነው የሚወጣው። አራቱ ተሸክመው ሌሎቹ ከጎን ይሄዳሉ፤ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው የማን ዘመድ ነው ብሎ ሳይጠይቅ ትከሻውን ይሰጣል። የገጠሩ ወንድ ይህን የሚያውቀው ከአባቱ ነው። ከተማ ስንገባ ረሳነው መሰለኝ። ባጃጅ አለ፣ አምቡላንስ አለ፣ ስለዚህ ሰው የማያስፈልግ ይመስለናል።

ጎንደር ውስጥ ይህን በሳይንስ መንገድ የጀመሩትም ነበሩ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከጨረሰ ብዙም አልቆየም ነበር። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። አንዱ በሽተኛ ያያል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃ ያያል። ጤና ጣቢያ ያልመጣውን ሰው ቤቱ ሄዶ መፈለግ የሥራው ዋና ክፍል ነበር። እናንተም ቡድን ናችሁና ይህን ውሰዱ።

እንዴት ይፈለጋል? አንድ ወር የቀረውን ደውሉለት። ሁለተኛ ከቀረ ሁለት ሰው ቤቱ ይሂድ። ሦስት አትሁኑ፤ ሦስት ሲሆን ሽምግልና ይመስላል። ከሁለቱ አንዱ የሚቀርበው ይሁን። ሳሎን ቁጭ ብላችሁ በልጆቹ ፊት «ምን ሆነህ ነው?» አትበሉት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ቡና አጠጥቶ ይሸኛችኋል። ወጣ አድርጉት። እስከ ፒያሳም ይሁን እስከ ቁስቋም አቀበት፣ አብራችሁት በእግር ሂዱ። ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያወራው ጎን ለጎን እየሄደ የሚያወራው ይበልጣል። ጥያቄውም ቀጥ ያለ ይሁን። ሥራ አለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ዕዳ አለብህ? ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም ጥቅስ አትጥቀሱበት።

የነገራችሁ ነገር ከሁለታችሁ አይውጣ። «ለጸሎት እንዲሆን» እየተባለ በየቴሌግራም ግሩፑ የሚበተን ሐሜት አለ፤ እሱን ተውት። ኃጢአቱንም አትመርምሩ። ለዚያ የንስሐ አባት አለው፤ ከሌለው ያዙለት። ገደብ አንድ ብቻ ነው። «መኖር በቃኝ» የሚል ነገር ከሰማችሁ ምስጢር የሚባል የለም። አብራችሁት እደሩ፤ በነጋታው ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ። የአእምሮ ሕመም ያለበትንም፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስደውንም «ጸበል ገብተሃልና መድኃኒቱን ተው» እንዳትሉት። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ጊዜ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። እናንተ ከፓትርያርክ አትበልጡም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ወንድም ካለ አክታው ይመርመር። ቲቢ ከሆነ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ይህ መድኃኒት በነጻ ነው የሚሰጠው። ችግሩ ሰውየው ጥቂት ሳምንት ወስዶ ሲሻለው ማቋረጡ ነው። ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ሲውጥ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። ከእናንተ አንዱ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ጎራ ብሎ ውሃ ቢያቀብለውና ሲውጥ ቢያየው፣ ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት አላውቅም። ቲሸርትም አያስፈልገውም።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ለከተራና ለጥምቀት መንገድ ልትጠርጉ፣ በታቦታቱ ፊት ምንጣፍ ልታነጥፉ አቅዳችኋል። ደስ ይላል። ጥር 10 ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስንወርድ ምንጣፉን እየጠቀለሉ ወደ ፊት የሚሮጡትን ልጆች ሳይ አሁንም ልቤ ይሞቃል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥምቀትን ሲመዘግብ የእነሱም ላብ አለበት። ግን ጥር አንድ ወር ነው። የቀሩት ወራት አሉ።

በየደብሩ ቅጥርና ዙሪያ የአብነት ተማሪዎች አሉ። ጎንደር በዓታ የአቋቋም (የማሕሌት ዝማሬና ሽብሸባ) ትምህርት ማስመስከሪያ ስለሆነ ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ ቅኔውም ዜማውም በየቦታው አለ። ብዙዎቹ እናት አባት አጠገባቸው የለም። ማካሮኒና ዘይት መውሰዳችሁ መልካም ነው። መጀመሪያ ግን እጃቸውን እዩ። በጣቶቻቸው መሐል የሚያሳክክ ሽፍታ ካለ፣ ማታ ማታም የሚብስ ከሆነ፣ እከክ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ አነጋግሩና በጎጆው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ። ልብሱና ብርድ ልብሱ በዚያው ቀን በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው በፌስታል ተቋጥሮ ሳምንት ይቀመጥ። አንድ ልጅ ለልመና ወጥቶ ሳይታከም ከቀረ፣ ማታ ተመልሶ ለሁሉም መልሶ ያስይዛቸዋል። ልፋታችሁ ገደል ገባ ማለት ነው። ስማቸውን ጻፉና የጎደለውን ጠብቁት። ተስቦም (ታይፈስ) ግርሻም (የሚያገረሽ ትኩሳት) በቅማል ነው የሚተላለፉት፤ ሳሙና፣ ትልቅ ድስትና ማገዶ ከአንድ ኩንታል ማካሮኒ ይልቅ የሚጠቅሙበት ጊዜ አለ።

የኔታን ሳታስፈቅዱ ግን ምንም አትጀምሩ። ፎቶም አታንሱ። አንድ ሳሙና ሲቀበል ፊቱ ቲክቶክ ላይ የወጣ ልጅ ነገ ሊቅ ይሆናል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት ለምንድን ነው? በዕለት ዕለቱ ማዕድ የተረሱ መበለቶች ስለነበሩ ነው። ማዕዱ ነበረ፤ አንዳንዶቹ ግን ተዘለሉ። የእኛም ሰፈር እንደዚያው ነው። ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ተሸክማ መሙላት የማትችል አሮጊት አለች፤ ውሃው ደግሞ ጎንደር ውስጥ መቼ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ነው። ከሰፈሩ ቤት ለቤት ዞራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩትን መዝግቡ። ማን የየትኛዋን ቤት ውሃ እንደሚቀዳ ተከፋፈሉ። ስም የሌለው ሥራ የማንም ሥራ አይሆንም።

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። ባንክ ይቀመጥ፣ ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈርም፣ ሒሳቡ በየወሩ ጽዋው ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ወንድም ስለሆነ አምነነዋል አትበሉ። የምታምኑት ከሆነ ለሐሜት አታጋልጡት።

አንድ ነገር ደግሞ ደንባችሁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ማኅበሩ የወንዶች ነው ይላል። ጠላውን የሚጠምቀው ማነው? ዳቦውን የሚደፋው፣ ወጡን የሚሠራው፣ እናንተ ስትሄዱ ቤቱን የሚጠርገው ማነው? ስለ እግር ማጠብ ወንጌል አንብቦ ሰሐኑን ለሚስቱና ለእህቱ ጥሎ የሚወጣ ወንድማማችነት እኔ አይገባኝም። ተረኛው ቤት ቀድማችሁ ድረሱ። ሽንኩርት ክተፉ። ስትጨርሱ ዕቃ እጠቡ። ይህን አንቀጽ አድርጋችሁ ጻፉት፤ የሚስቅ ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠብ።

ከአብነት ትምህርት ቤትም አንድ ነገር ተበደሩ። እዚያ የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስተምሩም። የቆየው ተማሪ አዲሱን ያስቀጽለዋል፤ አዲሱ ሲበስል ደግሞ እሱ በተራው ሌላውን ይይዛል። እናንተም አዲስ ገቢ ሲመጣ ለማኅበሩ በጅምላ አትስጡት። ለአንድ ሰው ስጡት። ያ ሰው አብሮት ያስቀድስ፣ በሳምንት አንድ ምዕራፍ አብሮት ያንብብ፣ ሲቀር መጀመሪያ እሱ ያንኳኳ። ከመካከላችሁ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ከሌለ አንድ ሁለት ሽማግሌ ጨምሩ። ሁሉም እኩያ የሆነበት ማኅበር ውስጥ «ተሳስታችኋል» የሚል አይገኝም። እኔን ካላችሁ ጉልበቴ አቀበት አይወድም እንጂ እመጣለሁ።

ደንቡን ያመጣልኝ ልጅ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። «አባባ፣ የሚጠጣ ልጅ አለ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ያሰድበናል ብለው የሚቃወሙ አሉ። እንቀበለው ወይ?» ተቀበሉት። ጠላ ሕግ አይደለም፤ ጽዋው በብርዝ ይሁን። ለእሱ ብቻ ለይታችሁ ሳይሆን ለሁላችሁም። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ከሆነ ግን በአንድ ጀምበር አቁም አትበሉት፤ መንቀጥቀጥና ማንዘፍዘፍ ሊያመጣበት ስለሚችል በሐኪም ነው የሚያቆመው። ሰክሮ የመጣ ቀን አንዱ ወደ ቤቱ ይሸኘው፤ በነጋታው ራሱ የሸኘው ሰው ይመለስና ያነጋግረው። ተራው ሲደርስም እንደማንኛችሁም ጽዋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይግባ። ለዳቦው ካነሰው አዋጡለት።