አዳራሽ የለንም ለምትሉ የአዳማ ልጆች

ልጆቼ፣ ከቴአትር ክበቦቻችሁ ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር የምሰማው “ቦታ የለንም” የሚል ነው። አልፈርድባችሁም። አዳማ የስብሰባና የሠርግ ከተማ ናት፤ አዳራሹ ለከፈለ ነው፣ እናንተ ደግሞ ለልምምድ የምትከፍሉት የላችሁም። ግን ዕድሜዬን በመድረክ መብራት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ የአዲስ አበባን የድሮ ቴአትር ቤቶች ነገር ላጫውታችሁ። ቴአትራችን ቤት ተሠርቶለት አልተጀመረም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ቴአትር፣ “ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ”ን፣ ለሕዝብ ያሳዩት በሆቴል ውስጥ ነበር። ሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ለቴአትር የተሠራ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። ቢሆንም ያገኙትን ይዘው ጀመሩ። እንስሳትን እያናገሩ የመንግሥቱን አሠራር ስለነቀፉ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሲኒማም ሲመጣ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት “ሰይጣን ቤት” አለው። እንግዲህ ያኔ የጠፋው አዳራሽ ብቻ አልነበረም፣ የሕዝብ አመኔታም ነበር። የእናንተ ችግር ከዚያ ይቀላል።

ሀገር ፍቅርን ደግሞ አስቡት። ዛሬ ፒያሳ ስንል ቀድሞ ትዝ የሚለን ቴአትር ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር ነበር። የጣሊያን ወረራ እየቀረበ ስለነበር ሥራው ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ማነሣሣት ነበር። ከድል በኋላ እንደገና ሲቋቋም ነው ሙዚቃውና ቴአትሩ የሰፋው። የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ እነ ኢዩኤል ዮሐንስ ድርሰቱንም ዜማውንም እዚያው ያወጡ ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ከመሄዱ በፊት የሠራው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ ያፈራው የሰዎቹ መሰባሰብ ነው።

ብሔራዊ ቴአትርም ቢሆን ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት የሄዱት ሕንፃ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር፣ በ1948 ዓ.ም.፣ በመኮንን እንዳልካቸው “ዳዊትና ኦርዮን” ተከፈተ። መርካቶ ያለው ራስ ቴአትርም ሲኒማ ቤት ነበር።

ለሲኒማ የተሠራ ቤት ምን እንደሚያስቸግር መብራት የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። ለፊልም የሚያስፈልገው ሸራ መስቀያ ስለሆነ መድረኩ ጥልቀት የለውም፤ ከመጋረጃው ግራና ቀኝ ተዋናይ ተራውን የሚጠብቅበት ቦታም ይጠባል። እንዲህ ባለ ቤት ትዕይንቱን እንደ ስፋቱ ማዘጋጀት ግድ ነው። እናንተም ድርሰቱን ከመምረጣችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ቦታውን ለኩ። የቀበሌ አዳራሽ ወለሉ ደልዳላ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን እግር አያይም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚነገር ረጅም ቃለ ተውኔት አታስገቡ፣ ወይም ወንበሩን በሦስት ጎን አዙራችሁ ተመልካቹን አቅርቡት። ሁለት መብራት ብቻ ካላችሁ ፊት ለፊት አትደርድሯቸው፣ ፊትን ልሙጥ ያደርጋሉ። አንዱን ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ፣ ከፍ አድርጋችሁ ሰያፍ ስቀሉ፤ አንደኛውን ደብዘዝ ስታደርጉት ዓይንና ጉንጭ ቅርጽ ያወጣሉ። ይህን ለማድረግ ገልማ አባገዳን የሚያህል አዳራሽ አያስፈልግም፣ የትምህርት ቤት ክፍል ይበቃል።

ገንዘብ ሲገኝ ቅዳሜ ወይም እሑድ አዲስ አበባ ውጡና ሀገር ፍቅር ገብታችሁ እዩ። መንገዱ ዛሬ አጭር ነው። ከተቻለ ከትዕይንቱ በኋላ የመድረክ ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ለሚጠይቅ ወጣት ጊዜ አይነፍጉም።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከድሮዎቹ ቴአትሮች ብዙዎቹ ሳይታተሙ ቀርተዋል፤ ማን ምን እንደተጫወተ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። አዳማ ውስጥ በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ ኪነት ዘመን፣ መድረክ ላይ የነበሩ አባቶችና እናቶች ስላሉ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ድምፃቸውን ቅዱ። የራሳችሁንም ሥራ ከአሁኑ አስቀምጡ፦ ድርሰቱን እስከ እርማቱ፣ ፖስተሩን፣ የልምምድ ፎቶውን። በእያንዳንዱ ጀርባ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ቦታውን፣ የተዋናዮቹን ስም ከነአባታቸው ጻፉ፤ መብራት የያዘውንና መጋረጃ የሳበውንም ልጅ አትርሱ።