ድንክ ሲክሊዶችን ማራባት፦ ጥያቄና መልስ

በድንክ ሲክሊዶች፣ ማለትም በገንዳ ውስጥ በሚያዙ ትንንሽ የሞቃት ውሃ ዓሣዎች፣ ርቢ ላይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የአብዛኞቹ ጠያቂዎች ችግር ዓሣዎቹ እንቁላል አለመጣላቸው ሳይሆን እንቁላሉ ለጫጩት ሳይበቃ መቅረቱ ስለሆነ፣ መልሴም ወደዚያው ያጋድላል።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ዝርያ ይሻላል?

መልስ፦ ክሪበንሲስ። የናይጄሪያና የካሜሩን ወንዞች ዓሣ ነው፤ በውሃ ረገድ ብዙም አያስቸግርም፤ ሴቷ እንቁላል ለመጣል ስትዘጋጅ ሆዷ ደማቅ ወይን ጠጅ ስለሚሆን ጊዜው መድረሱ አይሰወርም። ከእርሱ ቀጥሎ አፒስቶግራማ ከሚባለው የድንክ ሲክሊዶች ወገን ካካቱዎይደስ የሚባለውን እመርጣለሁ። ራም የሚባለው ዝርያ በመልኩ ሁሉንም ያስንቃል፤ ነገር ግን ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ፣ ማዕድን ያልበዛበትና አሲዳማ የሆነ ውሃ ስለሚፈልግ ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ገንዳው ምን ያህል ይሁን?

መልስ፦ ለአንድ ጥንድ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውና ከ50 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። እነዚህ ዓሣዎች ከወለሉ ብዙም ስለማይርቁ ከጥልቀቱ ይልቅ የወለሉ ስፋት ይጠቅማቸዋል። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይሁን፤ ጫጩት ስቦ አያስቀርም። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ግን ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ድረስ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ራሞቼ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አራት ጊዜ እንቁላል ጣሉ፤ በማግስቱ ሁሉም ነጭ ሆኖ ሻግቶ ይገኛል። ሻጋታውን በመድኃኒት ልከላከለው?

መልስ፦ ሻጋታው ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ነው እንጂ ጥፋቱን የሠራው እርሱ አይደለም። ነጭ የሚሆነው ያልዳበረ ወይም የሞተ እንቁላል ነው፤ ሻጋታው የሚያርፈውም በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥንዱ በእርግጥ ወንድና ሴት መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ሁለት ሴቶች ተጣምረው በአንድ ድንጋይ ላይ እንቁላል መጣላቸው ያጋጥማልና። የራም ሴት ሆዷ ላይ ሮዝ ቀለም አላት፤ በጎኗ ባለው ጥቁር ነጥብ ውስጥም ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ፍንጣቂዎች ይታያሉ። ጥንዱ ትክክል ከሆነ የሚጠረጠረው ውሃው ነው። ራም የመጣው በቬኔዙዌላና በኮሎምቢያ ከሚገኘው የኦሪኖኮ ተፋሰስ፣ ማዕድን እምብዛም ከሌለበት ውሃ ነው፤ ካልሲየም በበዛበት ጠንካራ ውሃ እንቁላሉ በአግባቡ አይዳብርም። የሚሻለው ማዕድኑ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በረቂቅ ወንፊት በሚያጣራ መሣሪያ) የወጣለትን ውሃ ከቧንቧ ውሃ ጋር እየቀላቀሉ ጥንካሬውን ቀስ በቀስ ማውረድ ነው። በጠንካራ ውሃ ላይ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) የሚቀንስ ፈሳሽ ጠብ ማድረግን ግን አልደግፍም፤ በውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ፒኤቹን መልሶ ስለሚያወጣው ዓሣዎቹ አንዴ ሲወርድ አንዴ ሲወጣ ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ ውሃዬ በጣም ጠንካራ ነው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያም የለኝም።

መልስ፦ እንግዲያውስ ውሃውን ትተው ዓሣውን ይቀይሩ። የታንጋኒካ ሐይቁ ኒዮላምፕሮሎገስ መልቲፋሺያተስ ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይዘል፣ ጠንካራና አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ የሆነ) ውሃ የሚወድ፣ በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖርና የሚራባ ዓሣ ነው። ደቃቅ አሸዋና ከዓሣዎቹ ቁጥር የበለጠ ቅርፊት ካገኘ የቀረውን ራሱ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ወላጆቹ እንቁላሉን በሦስተኛው ቀን በሉት። አውጥቶ ለብቻው ማስፈልፈል አይሻልም?

መልስ፦ መበላቱን በዓይንዎ አይተዋል? ይህን የምጠይቀው እንቁላሉ የሚፈለፈለው በዚያው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ነው። ወላጆቹ ገና መዋኘት የማይችሉትን ጫጩቶች በአፋቸው እየለቀሙ አሸዋው ላይ ወደቆፈሩት ጉድጓድ ያዛውሯቸዋል፤ ለሚያየው ሰው ሲበሏቸው ይመስላል። በትንሽ ባትሪ ጥጋጥጉን ይፈትሹ፤ ጅራታቸውን የሚያርገበግቡ ጭፍቅፍቅ ያሉ ነጠብጣቦች ካዩ ልጆቹ በሕይወት አሉ።

በእርግጥ ተበልተው ከሆነም፣ ወጣት ጥንዶች የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እንቁላል መብላታቸው የተለመደ ስለሆነ ጊዜ ይስጧቸው። እኔም ቀደም ሲል እንቁላሉን እያወጣሁ በአየር ፓምፕ አስፈለፍል ነበር፤ ጫጩትም አግኝቻለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ አንዲት የአፒስቶግራማ እናት ናት። እንቁላል ስትጥል ሰውነቷ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ መረብ ይዤ ወደ ገንዳው ስጠጋ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለች። በዙሪያዋ የነበሩት አርባ ያህል ጫጩቶች እንደ አሸዋ ፍሬ ወለሉ ላይ ረግፈው ቀጥ አሉ፤ መረቡን እስካወጣ ድረስ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወዲህ እንቁላል አውጥቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሴቷ ወንዱን ክንፉን እየቀደደች አሳደደችው።

መልስ፦ አፒስቶግራማ ከሆኑ ወንዱን ያውጡት፤ እንቁላሉን በቅርብ የምትጠብቀው እርሷ ናት፣ በጠባብ ገንዳ ደግሞ እርሱ የሚሸሽበት የለም። ክሪበንሲስ ከሆኑ ግን ልጆቹን የሚያሳድጉት ሁለቱም ስለሆኑ፣ ጉዳቱ ካልከፋ በስተቀር አይለያዩአቸው።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቹ መዋኘት በጀመሩ በአራተኛው ቀን አለቁ። የደቀቀ ደረቅ ምግብ እሰጥ ነበር።

መልስ፦ በረሃብ ሳይሞቱ አልቀሩም። አስኳላቸውን ጨርሰው መዋኘት ሲጀምሩ የሚያነቃቸው የሚንቀሳቀስ ምግብ ነው፤ ደረቁ ግን ወለሉ ላይ ተኝቶ ውሃውን ያበላሻል። የዓሣው እንቁላል እንደተፈለፈለ የአርቴሚያ (በጨው ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) እንቁላል ያዘጋጁ፦ በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል ጨው፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀትና የማያቋርጥ አየር ካገኘ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በጥቂቱ ይስጡ። የበላ ጫጩት ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ በቆዳው ውስጥ ይታያል፤ ያ ቀለም ከሌለ ምግቡ አልደረሰውም።

ጥያቄ፦ ያሳደግኋቸው አፒስቶግራማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንድ ሆኑ። ለምን?

መልስ፦ ሙቀቱን ቢለኩት ከፍ ያለ ይመስለኛል። ሮመርና ባይዘንኸርትዝ በ1996 ያሳተሙት ጥናት በአብዛኞቹ የአፒስቶግራማ ዝርያዎች ላይ ሙቀቱ ከፍ ሲል ወንዱ፣ ዝቅ ሲል ሴቷ እንደምትበዛ አሳይቷል። 26 ዲግሪ አካባቢ ማሳደግ ለሚዛኑ ይበጃል። በክሪበንሲስ ላይ ደግሞ ጾታን የሚያዘነብለው ፒኤች ነው፤ አሲዳማ ውሃ ወንዱን ያበዛል።

ጥያቄ፦ ጫጩት ባለበት ገንዳ ውሃ እንዴት ይቀየራል?

መልስ፦ በቀጭን የአየር ቱቦ፣ በቀን አንድ አሥረኛውን ያህል፣ ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተመሳሰለ ውሃ። ቱቦው የሚፈስበት ባልዲ ነጭ ይሁን፤ እኔ በጥቁር ባልዲ ቀድቼ ግማሹን ውላጅ ከቆሻሻው ጋር የደፋሁበት ቀን አለ።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቹን ከወላጆቻቸው መቼ ልለይ?

መልስ፦ ወላጆቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። እንቁላል የሚጥሉበትን ዋሻ ወይም ድንጋይ እንደገና መጥረግና ልጆቹን ማባረር ሲጀምሩ ሌላ እንቁላል እያሰቡ ስለሆነ፣ በዚያው ቀን ልጆቹን ወደ ሌላ ገንዳ ያዛውሯቸው።